ግልጽ ደብዳቤ ለአማርኛ ዜና አዘጋጆች፦ የአረብና የአይሁድን ጉዳይ ከትንቢት አውጡት

ለተከበራችሁ በአማርኛ የምታሰራጩ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጣቢያዎች፣ እንዲሁም የዩቲዩብ ዜና ቻናሎች ዋና አዘጋጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታሪክ የምናስተምር መምህራን ነን። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ከመካከላችሁ አንዱ ጣቢያ በቅርቡ የወሰደው ውሳኔ ነው። ጣቢያው ባልደረቦቻችን በየሳምንቱ ያቀርቡት የነበረውን የታሪክ ሰዓት አቋረጠ። በዚያ ሰዓት ስለ እስራኤልና ፍልስጤም ተከታታይ ዝግጅት ጀምረን ነበር። በ1993 እስራኤላውያንና ፍልስጤማውያን እስከፈረሙት የኦስሎ ስምምነት ሳንደርስ ቆመ። «ሰው የሚፈልገው ትኩስ ነገር ነው» ተባልን። በቦታው የገባው የጋዛን ጦርነት ከዓለም ፍጻሜ ትንቢት ጋር የሚያያይዝ ውይይት ነው። የጣቢያውን ስም አንጠራም። ችግሩ የአንድ ጣቢያ ብቻ ስላልሆነ ነው ለሁላችሁም የጻፍነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጠናል።)

የመጀመሪያው ቅሬታችን ይህንኑ ትንቢት የሚመለከት ነው። ክፍል ገብተን ስለ መካከለኛው ምሥራቅ ገና ስንጀምር ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ይወጣል። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የይስሐቅና የእስማኤል ጸብ ነው፤ ማንም አይፈታውም።» ከየት ሰማህ ሲባል ስልኩን ያወጣል። «ትንቢቱ ተፈጸመ!» የሚል ቀይ ጽሑፍ፣ የሚነድ ሕንፃ፣ ከጎኑ የእናንተ አርማ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አራት ሺህ ዓመት የቆየ ጸብ ነው ተብሎ ከተነገረው፣ ማን ምን እንደፈረመ፣ ማን ምን እንዳፈረሰ ለማወቅ ለምን ይደክማል? ሰው የሠራውን ነገር ሁሉ ሰማይ ላይ ሰቅላችሁታል።

ሃይማኖት የለበትም አላልንም። የሙስሊሞቹ አል-አቅሳ መስጊድና የአይሁዶቹ የምዕራቡ ግንብ ኢየሩሳሌም ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ናቸው፤ በዚያ ቦታ ምክንያት ብዙ ደም ፈስሷል። ግን ዛሬ የምናየው ግጭት የሚጀምርበት ጊዜ ይታወቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓ የሚሳደዱ አይሁዶች የራሳችን አገር ይኑረን አሉ፤ በ1897 ባዝል ላይ ጉባኤ አደረጉ። በዚያው ዘመን አረቦች ከኦቶማን ቱርክ ነፃ መውጣትን ማለም ጀምረው ነበር። ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና እንግሊዝ ለሁሉም ቃል ሰጠች። ለመካው ሸሪፍ ሁሴን በ1915 እና በ1916 በደብዳቤ የአረብ ነፃነት፣ ለፈረንሳይ በምስጢር አካባቢውን መከፋፈል፣ ለአይሁዶች ደግሞ በኖቬምበር 1917 በባልፎር ደብዳቤ ፍልስጤም ውስጥ ብሔራዊ መኖሪያ። ተማሪው ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ምክንያቱም አሁን ሊከራከርበት የሚችለው ነገር አገኘ።

የይስሐቅና የእስማኤል ጸብ ከሆነ ደግሞ ይህን አስረዱልን። በጃንዋሪ 1919 የሸሪፍ ሁሴን ልጅ አሚር ፈይሰልና የጽዮናውያኑ (የአይሁድ አገር ይኑር ባዮቹ) መሪ ሃይም ቫይዝማን ተባብሮ ለመኖር ስምምነት ፈርመዋል። ፈይሰል ከፊርማቸው አጠገብ በአረብኛ በእጃቸው ቅድመ ሁኔታ ጻፉ፦ አረቦች የተባለውን ነፃነት ካላገኙ ስምምነቱ አይጸናም። ነፃነቱ አልመጣም። በ1920 ፈረንሳይ ፈይሰልን ከደማስቆ አባረረቻቸው፤ ወረቀቱም እዚያው ቀረ። ይህ የትኛው ትንቢት ውስጥ አለ?

ሁለተኛው ቅሬታችን ታሪኩን ከምትፈልጉበት ቦታ መጀመራችሁ ነው። አንዱ ጣቢያ ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ይጀምራል። ሐማስ ወደ 1,200 ሰው ገደለ፣ 251 ሰው አግቶ ወሰደ ይላል፤ እውነት ነው፣ አሰቃቂም ነው። ከዚያ በፊት ግን ጋዛ ምን እንደነበረች አንድ ቃል የለም። ሌላው ጣቢያ ከቦምቡ ይጀምራል። የጋዛ ጤና ሚኒስቴር የቆጠረው ከ60 ሺህ በላይ ሟች ነው ይላል፤ ይህም እውነት ነው፣ ይህም አሰቃቂ ነው። ኦክቶበር 7 ላይ ግን ዝም። ሁለቱን ጣቢያ የሚከታተሉ ሁለት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ስለ ሁለት የተለያዩ ዓለማት ያወራሉ።

እስራኤል የተመሠረተችበትን 1948ንም እንደዚሁ ነው የምታደርጉት። በኤፕሪል 9 የአይሁድ ታጣቂዎች ዴር ያሲን በተባለች መንደር ከመቶ በላይ አረቦችን ገደሉ። በአራተኛው ቀን አረብ ታጣቂዎች ወደ ሐዳሳ ሆስፒታል ይሄድ የነበረ የመኪና አጀብ ላይ አድፍጠው 78 ሰው ገደሉ፤ ሐኪሞችና ነርሶች ነበሩበት። በዚያ ጊዜ በተደረገው የአረቦችና የእስራኤል ጦርነት ከ700 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ወጡ፣ ተባረሩም፣ ሸሹም፤ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። በቀጣዮቹ ዓመታት ደግሞ ከባግዳድ፣ ከሰንዓ፣ ከካይሮ፣ ከትሪፖሊ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ አይሁዶች ንብረታቸውን እየተዉ ወጡ። አንዱን ነግሮ ሌላውን መተው የፈለገውን ወገን ያስደስት ይሆናል፤ እኛ ግን በማግስቱ ክፍል ውስጥ ስድብ እንዳኛለን።

በ1929 ኬብሮን ላይ 67 አይሁዶች ተገደሉ። ይህን አንዳንዶቻችሁ ታነሳላችሁ። በዚያው ቀን አረብ ጎረቤቶች ብዙ አይሁዶችን በየቤታቸው ደብቀው እንዳተረፉ ግን ከአንዳችሁም ሰምተን አናውቅም።

ሦስተኛውና ትልቁ ቅሬታችን የሰላሙን ታሪክ ከነጭራሹ መተዋችሁ ነው። ተማሪዎቻችን የመሣሪያ ስም ያውቃሉ። አይረን ዶም የተባለው የእስራኤል ሮኬት መከላከያ እንዴት እንደሚሠራ ሊያስረዷችሁ ይችላሉ። ራልፍ ባንች ማን ነው ብትሏቸው ግን ዝም ይላሉ። በሴፕቴምበር 1948 የተባበሩት መንግሥታት አሸማጋይ የነበሩትን ስዊድናዊውን ካውንት በርናዶትን የአይሁድ ጽንፈኞች ኢየሩሳሌም ውስጥ ገደሏቸው። በቦታቸው የተተኩት ጥቁር አሜሪካዊው ባንች ናቸው። ድርድሩን ሮድስ ደሴት ላይ ጀምረው፣ እንደኛ አገር ሽማግሌ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሱ፣ በ1949 እስራኤልን ከግብፅ፣ ከሊባኖስ፣ ከዮርዳኖስና ከሶርያ ጋር የተኩስ አቁም አስፈረሙ። በ1950 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነበሩ። የአፍሪካ ልጆች ይህን ከእናንተ ቢሰሙ ምን ይጎዳል?

የግብፁን ፕሬዚዳንት ሳዳትን እንውሰድ። በ1973 ሠራዊታቸውን ስዊዝን አሻግረው እስራኤልን የወጉ መሪ ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ በኖቬምበር 1977 ኢየሩሳሌም በረሩና በእስራኤል ምክር ቤት ቆመው ንግግር አደረጉ። የተቀበሏቸው የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ቤጊን ደግሞ በወቅቱ ለዘብተኛ ተብለው የሚታወቁ ሰው አልነበሩም፤ ጠንካራ ቀኝ ዘመም ነበሩ። በሴፕቴምበር 1978 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር ሁለቱን ካምፕ ዴቪድ ላይ ለ13 ቀን አስቀመጧቸው። በማርች 1979 ውሉ ተፈረመ። እስራኤል ሲናይን በሙሉ ለቀቀች፤ ያሚት የተባለውን የእስራኤላውያን ሠፋሪዎች ከተማ የራሷ ወታደሮች ነዋሪውን እየጎተቱ አስወጥተው አፈረሱት። ግብፅ ከአረብ ሊግ ታገደች። ሳዳት በኦክቶበር 1981 በገዛ ወታደሮቻቸው ተገደሉ። ውሉ ግን አልሞተም። ከዚያ ወዲህ ግብፅና እስራኤል አንድም ጦርነት አላደረጉም። ከ1948 እስከ 1973 ስንት ጊዜ እንደተዋጉ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዮርዳኖስም አለች። በ1994 የተፈረመው ውል ድንበርን ብቻ ሳይሆን የዮርዳኖስንና የያርሙክን ወንዝ ውኃ አከፋፈል በቁጥር ያስቀመጠ ነው። ስለ ዓባይ ቀን ከሌት የምናወራ ሕዝብ ይህን ውል አንብቦ ቢወያይበት ብዙ ይማርበት ነበር። በማርች 1997 ድንበር ላይ አንድ የዮርዳኖስ ወታደር ሰባት እስራኤላውያን ተማሪ ልጃገረዶችን ተኩሶ ገደለ። ንጉሥ ሁሴን ድንበር ተሻግረው ሐዘንተኞቹ ቤት በየተራ ገቡ፤ ወላጆቹ መሬት ተቀምጠው ስለነበር እሳቸውም ተንበርክከው አጽናኑ። ልቅሶ መድረስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ ነን። ይህን ለተማሪዎቻችን ስንነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከእናንተ ግን ሰምተውት አያውቁም።

ኦስሎንም ቢሆን «ከሸፈ» ብላችሁ በአንድ ቃል ነው የምታልፉት። ለምን ከሸፈ? በሴፕቴምበር 1993 የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ራቢንና የፍልስጤማውያኑ መሪ አራፋት እጅ ሲጨባበጡ የተፈረመው ሰነድ ከባዶቹን ጉዳዮች፣ ማለትም ኢየሩሳሌምን፣ ስደተኞቹን፣ ሠፈራዎቹን፣ ድንበሩንና ጸጥታውን ለኋላ አሳድሯቸው ነበር። ለኋላ የተባለው ጊዜ ለአፍራሾች ተመቸ። በፌብሩዋሪ 1994 ባሩክ ጎልድስታይን የተባለ ሠፋሪ ኬብሮን ውስጥ በረመዳን የሚሰግዱ 29 ሰዎችን ገደለ። ሐማስ በአውቶቡሶች ላይ የአጥፍቶ መጥፋት ጥቃቱን ቀጠለ። በዌስት ባንክ የሠፋሪው ቁጥር ከስምምነቱ በኋላ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በኖቬምበር 4 ቀን 1995 ራቢን ከሰላም ሰልፍ ሲወጡ ተገደሉ፤ ገዳዩ አይሁዳዊ ነው። በ1951 የዮርዳኖሱ ንጉሥ አብዱላህ አል-አቅሳ ደጃፍ ላይ ሲገደሉ ገዳያቸው ፍልስጤማዊ ነበር። በርናዶት፣ አብዱላህ፣ ሳዳት፣ ራቢን። በርናዶትን ከተውን ሦስቱን መሪዎች የገደላቸው ጠላት የሚባለው ወገን አይደለም። የሰላም ጠላት በሁለቱም ቤት ውስጥ እንዳለ ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል?

ማርች 2002ም አለ። የአረብ ሊግ አባላት ቤይሩት ላይ ተሰብስበው፣ እስራኤል በ1967 ከያዘችው መሬት ከወጣች፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ዋና ከተማው ያደረገ የፍልስጤም መንግሥት ከተቋቋመና ለስደተኞቹ ፍትሐዊ መፍትሔ ከተገኘ ሁላችንም ከእሷ ጋር መደበኛ ግንኙነት እንጀምራለን አሉ። ጉባኤው በተከፈተበት ዕለት ማታ በእስራኤሏ ኔታንያ ከተማ ውስጥ የፋሲካ ማዕድ ላይ የተቀመጡ 30 ሰዎች በሐማስ ቦምብ አለቁ። በቀጣዮቹ ቀናት የእስራኤል ታንኮች የዌስት ባንክ ከተሞች ገቡ። የዓለም ዜና ሁሉ ታንኩን ተከተለ። እናንተም እስካሁን እየተከተላችሁት ነው።

በእኛ ግምት የ2020ው የአብርሃም ስምምነት ያንን የ2002 ሐሳብ ገልብጦ የሄደ ነው። ኤምሬትስና ባህሬን ፍልስጤማውያኑን ሳይጠብቁ ከእስራኤል ጋር ግንኙነት ለመጀመር ፈረሙ። ይጠቅማል የሚል አለ፣ ዋናውን ቁስል ሸፍኖ አለፈ የሚል አለ። እኛ ከሁለተኛው ወገን ነን። እናንተ ግን ክርክሩን ራሱን አላቀረባችሁም፤ የፈራሚዎቹን ፎቶ ብቻ ነው ያሳያችሁት።

አራተኛ። ነገሩን የክርስቲያንና የሙስሊም የእግር ኳስ ጨዋታ አድርጋችሁታል። በአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ደብተራቸው ላይ የተለያየ ባንዲራ ስለው በሃይማኖት ተለያይተው መቀመጥ ጀመሩ፤ ወላጅ እስኪጠራ ደረሰ። አንዱ ልጅ ፍልስጤማውያን መካከል ክርስቲያን እንዳለ ሲነገረው አላመነም። ቤተልሔምና ናዝሬት የማን ከተሞች መሰሉት? በኦክቶበር 2023 ጋዛ ውስጥ በቅዱስ ጶርፊርዮስ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የተጠለሉ ክርስቲያኖች በእስራኤል የአየር ድብደባ ሞተዋል። ሌላው ልጅ ደግሞ አይሁድ ሁሉ ከአውሮፓ የመጣ ነው ብሎ ይከራከራል። ከሞሮኮ፣ ከየመን፣ ከኢራቅ የመጡትን ማን ነገረው? ከጎንደር የሄዱትን የራሱን አገር ሰዎችስ? ከእስራኤል ዜጎች ከአምስቱ አንዱ አረብ መሆኑንስ? ቪቪያን ሲልቨር የሚባሉ እስራኤላዊት የሰላም ታጋይ ነበሩ፤ ከጋዛ የሚመጡ ሕሙማንን በመኪናቸው ሆስፒታል ያደርሱ ነበር። ኦክቶበር 7 ቀን ጋዛ ድንበር አጠገብ ባለችው መንደራቸው ቤኤሪ ውስጥ ተገደሉ። ልጃቸውን የገበሩ እስራኤላውያንና ፍልስጤማውያን ወላጆች አብረው የሚሠሩበት፣ በ1995 የተመሠረተ ማኅበርም አለ። እነዚህ ሰዎች ከየትኛው ባንዲራ ጋር ይቀመጡ?

አምስተኛው አጭር ነው ግን ያናድደናል። ጉዳዩ እኛን የሚነካበትን ቦታ እንኳን አታነሱም። በሜይ 1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሃይፋ ሲደርሱ ፍልስጤም በአረቦች አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ላይ ነበረች፤ አብዛኞቹ ከአውሮፓ የሚሸሹ አይሁዶች በ1935 ብቻ ከ60 ሺህ በላይ ሆነው መግባታቸው ነዋሪውን አስደንግጦት ነበር። በኖቬምበር 1947 የተባበሩት መንግሥታት ፍልስጤም ለሁለት ትከፈል ብሎ 33 ለ13 ሲወስን ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት 10 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በ1973 ከእስራኤል ጋር ግንኙነት አቋረጥን፣ በ1989 ቀጠልን። በፌብሩዋሪ 2023 አንዲት እስራኤላዊት ዲፕሎማት እዚሁ አዲስ አበባ ከአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አዳራሽ እንዲወጡ ሲደረግ ቪዲዮውን ደጋግማችሁ አሳያችሁ፤ እስራኤል በኅብረቱ ስላገኘችው የታዛቢነት ቦታ ከ2021 ጀምሮ የነበረውን ክርክር ግን ማን አስረዳ?

አቬራ መንግሥቱ ከኢትዮጵያ የሄደ ቤተ እስራኤላዊ ነው። የአእምሮ ሕመምተኛ መሆኑን ቤተሰቡ እየጮኸ፣ በሴፕቴምበር 2014 አጥር ተሻግሮ ጋዛ ገባና ሐማስ ከአሥር ዓመት በላይ ያዘው። በ2015 ደግሞ ሂሻም አል-ሰይድ የተባለ የእስራኤል ዜጋ የሆነ በደዊን አረብ፣ እሱም ሕመምተኛ፣ እንደዚያው ተያዘ። ሁለቱም በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025 ተለቀቁ። አንድ ጥቁር አይሁዳዊና አንድ አረብ ሙስሊም፣ አንድ ዓይነት ዕጣ፣ ቤተሰቦቻቸውም ለዓመታት ሰሚ ያጡ። ይህን ታሪክ ከማንም በላይ በደንብ መንገር የሚችለው የአማርኛ ጋዜጠኛ ነበር። በ2024 ደቡብ ሊባኖስ ሲደበደብ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹት የቤት ሠራተኞች ውስጥም እህቶቻችን ነበሩ። ከእነሱ ይልቅ የሮኬት ዓይነት ዝርዝር ይበልጥ ሰዓት አግኝቷል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

የተቋረጠው የታሪክ ሰዓት ይመለስ። ሰዓቱ ከበዛ ግማሽ ሰዓት ይበቃናል፤ ቀኑንም እናንተ ምረጡ። እኛ ያለ ክፍያ እናዘጋጃለን። ከኦስሎ ጀምረን እንጨርሰዋለን።

ትንቢትን ከዜና ለዩ። ሰባኪ ይስበክ፣ በሃይማኖት ዝግጅት ላይ፣ በስሙ። በሰበር ዜና ርዕስ ላይ ግን «ትንቢቱ ተፈጸመ» አይጻፍ።

ጥቃት ስትዘግቡ የሁለቱንም ወገን ሟች ንገሩን፣ ቁጥሩን ማን እንደሰጠም ጨምሩ። የሶርያን የድሮ ቪዲዮ የጋዛ ነው ብላችሁ ያሳያችሁ ጊዜ እርማቱን እዚያው ቻናል ላይ፣ ያው ሰው በሚያየው ቦታ አውጡ።

ድርድር ሲኖር ሰነዱን በአማርኛ አስነብቡን። ማን ምን ሰጠ፣ ማን ምን ተቀበለ፣ ምን ለኋላ ተባለ። ተኩስ አቁም ተደረገ፣ ተኩስ አቁም ፈረሰ ብቻ አይበቃም።

ለውይይት ስትጠሩ ደግሞ የወታደራዊ ተንታኝ ብቻ አትጥሩ። ከእስራኤል የመጡ ቤተ እስራኤላውያንን፣ ከሊባኖስ የተመለሱ እህቶችን፣ የመካከለኛው ምሥራቅን ታሪክ የሚያስተምሩ የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ጥሩ። እስራኤልም ፍልስጤምም አዲስ አበባ ኤምባሲ አላቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ጠይቁ።

መልሳችሁን በዝግጅታችሁ ላይ ብትሰጡ ይሻለናል፤ ተማሪዎቻችን የሚያዩት እሱን ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣

የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር፣ በባልደረቦቹ ስም
አዲስ አበባ